ጉዞው ከቦሌ ሳይነሳ እንዳይበላሽ፦ ለረጅም በረራ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ስለ ረጅም በረራ ሲወራ ሰው የሚማረረው በወንበሩ ጥበትና በምግቡ ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን አውሮፕላኑን ገና ሳያየው ነው። ቀኑን አሳስቶ የሚመጣ አለ። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር አልገጥም ብሎ ከካውንተር የሚመለስ አለ። ሻንጣው ከብዶበት ሽሮና በርበሬውን ወለሉ ላይ የሚዘረግፍ አለ። ይህ ሁሉ ከቀናት በፊት ቤት ውስጥ ሊስተካከል የሚችል ነው። ስለዚህ እዚህ ብዙውን ቦታ የያዘው የቤት ዝግጅቱ ነው።

መመሪያው ከቦሌ ተነስተው ወደ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውሮፓ ወይም ዓረብ አገር ለሚሄዱ ነው። ደረጃዎቹን በተራ ተከተሉ፤ አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ቀኑንና ሰዓቱን አጥሩ

*መቼ፦ ትኬቱ እጃችሁ በገባበት ቀን*

ትኬት ላይ ያለው ቀንም ሰዓትም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይህንን ሁሉም ያውቃል። ሰው የሚሳሳተው ሌሊት ላይ ነው።

በእኛ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። በትኬቱ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይለወጣል። ትኬቱ «ሐሙስ 01:30» ካለ፣ በረራው ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 7:30 ነው። ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ረቡዕ ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። «በረራዬ ሐሙስ ነው» ብሎ ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት የደረሰ ሰው፣ አውሮፕላኑ ከሄደ 20 ሰዓት አልፎታል። ከቦሌ የሚነሱ ብዙ ረጅም በረራዎች ማታና ሌሊት ስለሆኑ ይህ ስህተት ደጋግሞ ይደርሳል።

እንዲህ አድርጉ፦

1. የትኬቱን ቀንና ሰዓት ወረቀት ላይ እንዳለ ገልብጡ።
2. ከስሩ በኛ አቆጣጠር ጻፉት። 22:15 ማለት ከምሽቱ 4:15 ነው። 00:20 ማለት ከሌሊቱ 6:20 ነው፤ ይህኛው ቀኑ አንድ ወደ ፊት የተቆጠረበት ሌሊት ነው።
3. ከዚያ ላይ 3 ሰዓት ተኩል ቀንሱና «ረቡዕ ማታ 4 ሰዓት ቦሌ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ይኼ ብቻ ነው።
4. ለሚያደርሳችሁ ሰውም የምትልኩት ይኼንኑ ነው። የትኬቱን ፎቶ አትላኩለት፤ እሱም በራሱ ሲተረጉም ሊሳሳት ይችላል።

የመድረሻ ሰዓቱ የተጻፈው በምትደርሱበት አገር ሰዓት ነው። የሚቀበላችሁ ዘመድ ካለ ቁጥሩን እንዳለ ስጡት።

እንደማትደርሱ ካወቃችሁ፦ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ለአየር መንገዱ ደውሉ። በትራፊክ ተይዛችሁም ቢሆን መኪና ውስጥ ሆናችሁ ደውሉ። የመጀመሪያው በረራ ላይ ሳታሳውቁ ከቀራችሁ ቀጣዩ በረራም፣ የመመለሻውም አብሮ ይሰረዛል። ቀድሞ ቀን ማስቀየር ቅጣት ቢኖረውም፣ ከቀሩ በኋላ ከሚከፈለው በጣም ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ስማችሁን ከፓስፖርቱ ጋር አመሳክሩ

*መቼ፦ ቢያንስ 2 ሳምንት ሲቀር*

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ትኬት ቆራጩ ግን የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን መሙላት አለበት። አንዱ የአባት ስም ያስገባል፣ ሌላው የአያት። ከዚያ ላይ የፊደል አጻጻፉ አለ፤ ያው አንድ ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል።

1. የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ ክፈቱ። ግርጌው ላይ በማሽን የሚነበቡ ሁለት መስመሮች አሉ።
2. የላይኛው መስመር ላይ ከሦስቱ የአገር መለያ ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣው ስም፣ ትኬቱ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚገባው ነው። ከሁለቱ የቀስት ጫፍ ምልክቶች በኋላ ያለው የመጀመሪያ ስማችሁ ነው።
3. ትኬቱን አጠገቡ አስቀምጡና ፊደል በፊደል አስተያዩ። በዓይን ሮጥ ብሎ ማየት አይበቃም፤ በጣታችሁ እየነካችሁ ሂዱ።
4. ቪዛውንም እንዲሁ አስተያዩ።

የአንድ ፊደል ስህተት ካገኛችሁ ትኬቱን ወደ ቆረጠላችሁ ቦታ ዛሬውኑ ሂዱ። ፊደል ማስተካከል አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። በበረራው ምሽት ግን ኤጀንቱ ተዘግቷል፤ ካውንተር ላይ ያለውም ሠራተኛ ማስተካከል ላይችል ይችላል።

እዚያው ቁጭ ባላችሁበት ሁለት ነገር ጨርሱ። አንደኛ፣ ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን በኋላ 6 ወር ይቀረው እንደሆነ እዩ፤ ብዙ አገሮች ይጠይቃሉ። ሁለተኛ፣ ትኬቱ ላይ ባለ 13 አሃዝ ቁጥር ፈልጉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ያላችሁ ባለ 6 ፊደልና ቁጥር ኮድ ብቻ ከሆነ፣ ቦታ ተይዞላችኋል እንጂ ትኬት ላይቆረጥላችሁ ይችላል። ገንዘቡን ለኤጀንት የከፈላችሁ ሁሉ ይኼን በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ወይም በስልክ አረጋግጡ።

ደረጃ 3፦ የምታልፉበት አገር ያሳልፋችኋል?

የመድረሻው አገር ቪዛ ስላላችሁ ብቻ መንገዱ ክፍት ነው ማለት አይደለም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እንደ ፍራንክፈርት፣ ፓሪስ ወይም አምስተርዳም ባሉ የሸንገን (በአንድ የጋራ ቪዛ የሚሠሩ የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርቶች አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ያልተቃጠለ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ካለው ግን ይህ አያስፈልገውም። ለንደንም የራሱ የትራንዚት ቪዛ አለው። አሜሪካ ደግሞ ለትራንዚትም ቪዛ ትጠይቃለች። ካናዳ የሚሄድ ሰው በዋሽንግተን ወይም በቺካጎ በኩል ትኬት ከቆረጠ፣ የካናዳ ቪዛ ብቻውን አያሳልፈውም፤ ከቦሌ ካውንተርም አያልፍም።

ርካሽ ትኬት ስታገኙ ከመክፈላችሁ በፊት የምታልፉበትን ከተማ እዩ። ሁለት ለየብቻ የተቆረጡ ትኬቶችን አገጣጥማችሁ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ። ሻንጣው እስከ መጨረሻው ላይሄድ ይችላል፤ እሱን ለማውጣትም መሀል ላይ ያለው አገር መግቢያ ቪዛ ያስፈልጋችኋል።

ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ፣ የሥራ ውላችሁ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል መመዝገቡን ሳታረጋግጡ ቀን አትቁረጡ።

ደረጃ 4፦ ሻንጣ

*መቼ፦ ከ5 ቀን በፊት ጀምሩ፣ ከ2 ቀን በፊት ዝጉ*

ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ነው።

*የሰው ዕቃ*

መሄዳችሁ ሲሰማ ዕቃው ይመጣል። ለልጄ ትንሽ ሽሮ፣ ለእህቴ አንዲት ነጠላ፣ ለጓደኛዬ ቡና። እያንዳንዱ ትንሽ ነው። አብዛኛው የሚመጣው ደግሞ በመጨረሻው ምሽት ነው፤ ያኔ እምቢ ማለት ይከብዳል። ለዚህ መፍትሔው ቀድሞ ሕግ ማውጣት ነው።

1. ለሰው የምትይዙትን ኪሎ ወስኑ። 8 ኪሎ ካላችሁ 8 ነው።
2. የመቀበያ ቀን ቁረጡ፤ ከበረራው 3 ቀን በፊት ይሁን። ለሁሉም በአንድ ቀን አሳውቁ።
3. የመጣውን ባለቤቱ ፊት ክፈቱ፣ እዩ፣ መዝኑ። ይህንን አትፈሩ። ሻንጣው ውስጥ በተገኘው ነገር የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ካውንተር ላይ «ሻንጣውን ያሸጋችሁት ራሳችሁ ናችሁ?» ስትባሉ እውነተኛ መልስ ይኑራችሁ።
4. የተሰፋ፣ የታሸገ፣ «አይከፈትም» የተባለ ዕቃ አትቀበሉ። የሥጋ ዘመድ ቢሆንም።

ዘግይተው ለሚመጡ ትልልቅ ሰዎች እንዲህ በሉ፦ «እትዬ፣ ሻንጣው ተመዝኖ ተቆልፏል። አሁን ብጨምረው ኤርፖርት ላይ ተጥሎ የሚቀረው የእርስዎ ዕቃ ነው። ለሚቀጥለው መንገደኛ እናስቀምጠው።» አብዛኞቹ ይረዳሉ። የሚቀየም ቢኖርም፣ ዕቃው ቦሌ ወለል ላይ ቀረ ከማለት ይሻላል።

*ምን የት ይገባል*

- በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፦ በትልቁ ሻንጣ። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁ ተጨማሪ ፍተሻ አለበት፤ ሊወሰድም ይችላል።
- ማር፣ ቅቤ፣ አዋዜ፦ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠሩት። በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም። በፕላስቲክ ዕቃ አድርጉና ክዳኑን በፕላስተር ዙሩት፤ ከዚያ በሁለት ፌስታል ጠቅልሉ።
- ቋንጣ፦ ተዉት። አሜሪካም አውሮፓም ቤት የተሠራ ሥጋ አያስገቡም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የወተት ተዋጽኦም ስለሚከለክሉ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቅቤውንም ይተው።
- ጫት፦ በአሜሪካም በብሪታንያም ሕገ ወጥ ነው። ለማንም አትያዙ።
- ፓወር ባንክ፦ በእጅ ሻንጣ ብቻ። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ሻንጣው ሊቀር ይችላል። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ተራ ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል። ጽሑፉ የጠፋ አሮጌ ከሆነ ግን ቤት ይቅር።
- መድኃኒት፣ ሰነድ፣ ወርቅ፣ ቻርጀር፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፦ ሁልጊዜ በእጅ። ወደ ኤምሬትስ የምትሄዱ ትራማዶልና ኮዴን ያለበት መድኃኒት እዚያ ጥብቅ ቁጥጥር እንዳለበት እወቁ። ያለ ፈቃድና ያለ ሐኪም ማዘዣ አትያዙ።

አሜሪካ ስትገቡ ምግብ ይዛችሁ እንደሆነ ስትጠየቁ «አዎ» በሉ። ያሳወቃችሁት ዕቃ ቢከለከል ይወሰድባችኋል፤ በዚያው ያበቃል። የደበቃችሁት ግን ያስቀጣል።

*ምዘና*

ወደ ሰሜን አሜሪካ በብዙ የኢኮኖሚ ትኬቶች የሚፈቀደው 2 ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። የእናንተ ይለይ ይሆናል፤ ትኬታችሁን አንብቡ። ልብ በሉ፣ ሁለት ሻንጣ 23፣ 23 ማለት በድምሩ 46 ማለት አይደለም። አንዱ 28 ሌላው 18 ከሆነ ለ28ቱ ትጠየቃላችሁ።

የእጅ ሚዛን ከሌላችሁ ሰው መመዘኛው ላይ ሻንጣውን አቅፋችሁ ቁሙ፣ ከዚያ ብቻችሁን ቁሙ፣ ቀንሱ። 22 ላይ አቁሙ። የቤት ሚዛንና የኤርፖርቱ አይስማሙም።

ካውንተር ላይ ከበዛ፦ አትከራከሩ፤ ከሰልፉ ወጣ በሉ። ከከባዱ ወደ ቀላሉ አዛውሩ። ካፖርትና ከባድ ጫማ ልበሱ። የተረፈውን ለሸኚ መልሱ። ስለዚህ ሸኚዎቻችሁ «አልፌያለሁ» ብላችሁ እስክትደውሉ ድረስ ከኤርፖርቱ አካባቢ እንዳይርቁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ደረጃ 5፦ የመጨረሻው ቀን

1. አብዛኛው አየር መንገድ ከበረራው 24 ሰዓት በፊት በኢንተርኔት ቼክ ኢን (የመሳፈሪያ ምዝገባ) ይከፍታል። ወዲያው ግቡ። ቤተሰብ ሆናችሁ የምትሄዱ አብራችሁ የምትቀመጡበትን ቦታ የምታገኙት ያኔ ነው።
2. ትኬቱንና የምታርፉበትን አድራሻ በወረቀት አትሙ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።
3. መንገዱን ጠይቁ። የካቲት ገደማ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር፣ በመስቀል፣ በጥምቀት፣ በታላቁ ሩጫ ቀን የቦሌ መንገድና አካባቢው ይዘጋል ወይም ይጨናነቃል። በእነዚህ ቀናት አንድ ሰዓት ጨምሩ።
4. ስንብቱን ቤት ጨርሱ። ሸኚ ተርሚናል ውስጥ አይገባም። በር ላይ ቆሞ መላቀስ ብዙ ሰው ያስረፍዳል፤ ለቅሶው የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም፣ ሰዓቱ ስለማይጠብቅ ነው። ምሳውን አብራችሁ ብሉ፣ ምርቃቱን ተቀበሉ፣ ፎቶውን ተነሱ። ኤርፖርት ድረስ አንድ ሁለት ሰው ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ቦሌ ውስጥ

*መግቢያ።* ፍተሻው ከተርሚናሉ በር ይጀምራል። ቀበቶ፣ ሰዓት፣ ሳንቲም ከመድረሳችሁ በፊት ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ፓስፖርትና ትኬት እጃችሁ ላይ ይሁን።

*ካውንተር።* ከዚህ ሳትላቀቁ አራት ነገር አረጋግጡ፦

1. ሻንጣው ላይ የታሰረው ታግ የመጨረሻ ከተማችሁን ይላል? ለዋሽንግተን ዳለስ «አይ ኤ ዲ» ነው፤ «ዲ ሲ ኤ» ሌላ ኤርፖርት ነው። የከተማችሁን ኮድ ትኬቱ ላይ አይታችሁ ሂዱ።
2. የተሰጣችሁ የሻንጣ ቁራጭ ወረቀት በሻንጣው ልክ ነው?
3. የቀጣዩም በረራ ቦርዲንግ ፓስ (የመሳፈሪያ ወረቀት) ተሰጥቷችኋል? ካልተሰጣችሁ «የት ነው የምቀበለው?» ብላችሁ ጠይቁ።
4. ሻንጣችሁን ከነታጉ ፎቶ አንሱ። ከጠፋ ትልቁ ማስረጃ ይኼ ነው።

አሮጌ ታግ ያለበት ሻንጣ ካላችሁ ቤት ሳላችሁ ታጉን ቅደዱት፤ ሻንጣ ከሚሳሳትባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው።

*ኢሚግሬሽንና ሁለተኛ ፍተሻ።* ላፕቶፕ ከሥር አትቅበሩ። ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ከሆነ መሳፈሪያው በር ላይ ሌላ ፍተሻ ሊኖር ስለሚችል ውስጥ የገዛችሁትን ውኃ ጠጥታችሁ ጨርሱ።

*መሳፈሪያ በር።* ቦርዲንግ ፓሱ ላይ የምታዩት መሳፈሪያ ሰዓቱን ነው። በሩ የሚዘጋው አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ቀደም ብሎ ነው። የበር ቁጥር ስለሚቀየር በየጊዜው ሰሌዳውን እዩ፤ በድምፅ ማስታወቂያ ብቻ አትተማመኑ። ሌሊት ላይ ወንበር ላይ እንቅልፍ የሚወስደው ብዙ ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ የስልክ ማንቂያ ሙሉ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅ የጫነ አውሮፕላን በቀላሉ አይነሳም። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ያ ትራንዚታችሁ አይደለም። ውረዱ ካልተባላችሁ አትውረዱ።

ደረጃ 7፦ በረራው ከዘገየ ወይም ከተሰረዘ

መቆጣት ያለ ነገር ነው፤ ከዴስኩ ጀርባ ያለችው ልጅ ግን አውሮፕላኑን አላዘገየችውም። የምትፈልጉትን የምታገኙት ከእሷ ነው። በእርጋታ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አዲሱ ሰዓት ስንት ነው? ቀጣዩ በረራዬ ያልፈኛል? ምግብና ማደሪያ አለ?

1. ሰልፉ ላይ ቆማችሁ ጎን ለጎን ለአየር መንገዱ ደውሉ። አብሯችሁ ሰው ካለ አንዱ ይሰለፍ አንዱ ይደውል። ቀድሞ መልስ ያገኘው ያሸንፋል።
2. ሰሌዳውን ፎቶ አንሱ። ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉ።
3. በረራዎቹ በአንድ ትኬት ከሆኑ፣ ያመለጣችሁን ቀጣይ በረራ የመተካት ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከተቆረጡ ግን የራሳችሁ ነው። ለዚህ ነው የተለያየ ትኬት ርካሽ ሆኖም የሚያስከፍለው።
4. ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ ማንኛውም በረራ፣ ወይም በኅብረቱ አየር መንገድ ወደዚያ የሚገባ በረራ፣ በራሱ በአየር መንገዱ ጥፋት 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ከደረሰ ካሣ አለው። ለረጅም ርቀት እስከ 600 ዩሮ ይደርሳል። ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣም ይሠራል። ከቦሌ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሚነሳ ግን ይህ ሕግ አይሠራም።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ

በአሜሪካ ደንቡ ግልጽ ነው። ሻንጣው እስከ መጨረሻው ታግ ቢደረግም፣ መጀመሪያ ባረፋችሁበት የአሜሪካ ኤርፖርት አውጥታችሁ፣ በጉምሩክ አልፋችሁ፣ እንደገና ታስረክባላችሁ። ይህንን የማያውቅ ሰው ሻንጣውን ዳለስ ጥሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ይበራል። ትራንዚታችሁ አሜሪካ ውስጥ ከሆነ ቢያንስ 3 ሰዓት ይኑረው።

ሻንጣው ካልመጣ፦ አዳራሹን ለቃችሁ አትውጡ። በሻንጣ መቀበያው አጠገብ ወዳለው ዴስክ ሂዱና ሪፖርት አስመዝግቡ። ፒ አይ አር የሚባል ሪፖርት ከነፋይል ቁጥሩ ይሰጣችኋል፤ ያለ እሱ አትሂዱ። የታጉን ቁራጭና ፎቶውን አሳዩ። የምታርፉበትን አድራሻ ስጡ፤ የኢትዮጵያ ስልክ ብቻ ከሰጣችሁ ሻንጣው ቢገኝም እናንተ ላትገኙ ትችላላችሁ። እስኪመጣ ድረስ ለገዛችሁት የጥርስ ብሩሽና የውስጥ ልብስ ደረሰኝ ያዙ።

ተሰብሮ ወይም ተቀዶ ከመጣ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቤት በሉ። ዘግይቶ ከመጣ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን አላችሁ። ጭራሽ ካልመጣ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ሻንጣው መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ሲያልፍ እንደ ጠፋ ይቆጠራል፤ ያን ጊዜ ካሣውን በፋይል ቁጥራችሁ ጠይቁ።